ሦስት ቀንና 72 ሰዓት አንድ አይደሉም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን የኮቪድ ዘመን የሽርሽር ትዝታ አነበብኩት። ሁለቴ። መጀመሪያ ቁጭ ብዬ፣ ቀጥሎ ቆሜ። ሌላው ሁሉ ይለፍ። ኤርፖርቱ ጭር ማለቱም፣ ማስኩ መነጽር ላይ እንፋሎት ማምጣቱም እውነት ነው። እኔን ከመቀመጫዬ ያስነሳችኝ ያኔ ለመብረር ይጠየቅ ስለነበረው የኮቪድ ምርመራ የጻፋችኋት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «ውጤቱ ከወጣ በኋላ 72 ሰዓት፣ ማለትም ሦስት ሙሉ ቀን ስለሚኖረው፣ ተጓዡ ተረጋግቶ ሻንጣውን ያዘጋጅ ነበር» የምትለው።

ተረጋግቶ!

አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ስህተት ማስገባት ራሱ ችሎታ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። 72ቱ ሰዓት ይቆጠር የነበረው ናሙናው ከአፍንጫ ከተወሰደባት ደቂቃ ጀምሮ ነው። ወረቀቱ ከታተመ በኋላ አይደለም። ምርመራው የሚናገረው ስለዚያች ደቂቃ ብቻ ነዋ። ሐሙስ ጠዋት አፍንጫዬ ውስጥ ቫይረስ አልተገኘም ማለት ሐሙስ ከሰዓት ታክሲ ውስጥ አልያዘኝም ማለት አይደለም። ናሙናው ላብራቶሪ ተራውን ሲጠብቅ እኔ ከሰው ጋር ስጋፋ ነው የምውለው። ስለዚህ ውጤት በዘገየ ቁጥር የሚበላው የተጓዡን ሰዓት ነበር።

ሁለተኛው ደግሞ «ማለትም» የምትለዋ ቃል ናት። ሦስት ቀንና 72 ሰዓት አንድ አይደሉም። አሜሪካ በጥር 2013 ዓ.ም ምርመራን ግዴታ ስታደርግ ሆን ብላ «ሦስት ቀን» ነው ያለችው። በቀን ሲቆጠር ጠዋት ተመረመርክ ማታ፣ በረራህ ሁለት ሰዓት ዘገየ አልዘገየ፣ ማንም አይጠይቅህም። (ኋላ ኦሚክሮን ሲመጣ፣ በኅዳር 2014፣ ወደ አንድ ቀን አወረደችው፤ ሰኔ ላይ ጭራሽ ተወችው።) ዱባይ ግን የምትቆጥረው በሰዓት ነበር። መጀመሪያ 96 ሰዓት ትቀበል ነበር። ከጥር 23 ቀን 2013 ጀምሮ 72 አደረገችው። እኛ የዱባይ ቲኬታችንን የቆረጥነው ታኅሣሥ ላይ ነው። እንግዲህ ዕድል ማለት ይኼ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ጽሑፋችሁ «ጠዋት ናሙና፣ ከሰዓት ውጤት፣ ማታ በረራ» ይላል። ጸሐፊያችሁ የት ሰፈር እንደሚኖሩ አልጠይቅም፤ ካርታችሁ ተናግሯል። የመመርመሪያ ቦታ ብላችሁ ነጥብ ያደረጋችሁበት ሁሉ ከቀለበት መንገዱ ወዲያ ማዶ አይሻገርም። እኔ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ከተማው ስለኛ የሚያስታውሰው ዕጣ ሲወጣ ብቻ ነው ብዬ ነበር፤ ጋዜጣውም ያው ሆነ።

ከኛ ሰፈር ለመመርመር ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት ነበረብን። ሁለት ታክሲ፣ በመሀል ረጅም ሰልፍ፣ ከዚያ ደግሞ የላብራቶሪው ሰልፍ። ለውጤት ያንኑ መንገድ እንደገና። በረራችን ከቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 10:30 ነበር፤ የካቲት 21። ጾሙ ሳይገባ ሄደን ለመመለስ ነው። ላብራቶሪው «ውጤት በ24 ሰዓት፣ ሰው ከበዛ በ48፤ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነን» አለን። ባለቤቴ ማታ ወረቀት ላይ አሰላው። አርብ ብንመረመርና ቢዘገይ ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ነው፤ አለቀልን። ረቡዕ ብንመረመር ሰዓቱ ያልፋል። የቀረችው ሐሙስ ጠዋት ናት። ቦሌ ብንኖር ኖሮ አርብ ጠዋት ቡና ጠጥተን እንሄድ ነበር።

ሐሙስ ሄድን። ሁለት ነርሶች ጎን ለጎን ቆመው ናሙና ይወስዳሉ። ባለቤቴ ለአንደኛዋ፣ እኔ ለሌላዋ ደረስን። አምስት ደቂቃ አይለያየንም። ቅዳሜ ጠዋት ውጤቱን ወሰድን፤ ሁለታችንም ነጌቲቭ። ደስ ብሎን ሰዓቱን ማን ያነባል?

ሰዓቱን ያነበበው ኤርፖርት፣ መንገደኛ የሚመዘግበው ልጅ ነው።

«ማዘር፣ ያንቺ ጊዜው አልፏል» አለኝ።

(ያኔ 41 ዓመቴ ነው። ማዘር። ይኼም ይመዝገብልኝ።)

«የኔ ልጅ፣ እሱና እኔ እኮ አብረን ነው የተመረመርነው።»

«ወረቀቱ እንደዛ አይልም።»

እውነቱን ነው፣ አይልም። የባለቤቴ ወረቀት ላይ «የናሙና ሰዓት 09:15» ይላል። የኔ ላይ «3:20»። የሱ ነርስ በፈረንጅ ሰዓት ጻፈች፣ የኔዋ በሀበሻ። 3:20 ለኔ ፀሐይ የሞቀበት ጠዋት ነው። ለኮምፒውተሩ ግን እኛ ከሌሊቱ 9:20 የምንለው ነው። በዚያች ደቂቃ ስድስት ሰዓት ከሰማይ ወረደብኝ። በትክክሉ ሰዓት እስከ በረራዬ 67 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነበር። በወረቀቱ 73 ሰዓት ከ10 ደቂቃ። በሌሊት ጅብ ሲጮህ ላብራቶሪ ከፍቶ የሰው አፍንጫ የሚጠርግ አለ ብሎ ማን ያምናል? ኮምፒውተር ያምናል።

ደረሰኙን አወጣሁ። ለሁለታችን አንድ ላይ የተቆረጠ ነው። የካሽ ሬጅስተሩ ሰዓት አናቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ 09:02። «ይኸው፣ ከፍለን ነው የገባነው፤ ሳልከፍል ስድስት ሰዓት ቀድሜ ተመረመርኩ?» አልኩት። ልጁ አየው። አለቃውን ጠራ። አለቃውም አየው። ከዚያ በጣም በትሕትና «ደረሰኝ የሕክምና ማስረጃ አይደለም» አለኝ። ልክ ነው፣ አይደለም። ያበሳጨኝም ልክነቱ ነው። ወደ ላብራቶሪው ደወልን፤ በዚያ ሌሊት የሚያነሳ የለም። ለኮምፒውተሩ ሲሆን ግን በዚያ ሰዓት ክፍት ናቸው።

ልጃችን ያኔ 11 ዓመቷ ነው። የዋና መነጽሯን ከቤት ጀምሮ ግንባሯ ላይ አድርጋ ነበር የመጣችው። ምንም አላለችም፤ መነጽሯን አውርዳ ኪሷ ከተተችው። ያኔ «ሂዱ በቃ» አልኳቸው።

ሲነጋ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ኮዬ ገባሁ። ጥበቃው ከርቀት «እንኳን ደህና መጣሽ! ዱባይ እንዴት ናት?» አለኝ። ከቤት ከወጣሁ ሰባት ሰዓት አልሞላኝም። ምን ልበለው? «ትሞቃለች» አልኩት።

ሰኞ እንደገና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳሁ፣ እንደገና ከፈልኩ። አሁን ግን ነርሷ አናት ላይ ቆሜ «09 ብለሽ ጻፊልኝ እህቴ» አልኳት። ማክሰኞ አድዋ ነበር። አያቶቻችን ድል ባደረጉበት ቀን ላብራቶሪ ተዘግቶ ቢውል አልቆጭም፤ ግን የኔም 72 ሰዓት በዓል አላከበረም፤ እየቆጠረ ነበር። ረቡዕ ውጤት ወሰድኩ። ሐሙስ አጥቢያ፣ የቲኬት መቀየሪያ ቅጣቴን ከፍዬ በረርኩ። ከሰባት ሌሊት ሦስቱ ደረሰኝ።

እሱንስ ተረጋግቼ ባሳለፍኩት። ልጄ ዱባይ ለመግባት ምርመራ አላስፈለጋትም፤ እዚያ ከ12 ዓመት በታች ነጻ ነበር። አገሯ ለመመለስ ግን ያስፈልጋታል። የኛ ደንብ የሚምረው ከ10 በታች ያለውን ነበርና። የኔም የሰኞ ወረቀት ለእሑድ መመለሻ አይሆንም። አገራችን እንኳን ለጋስ ነበረች፣ እስከ 120 ሰዓት ትቀበላለች፤ የኔ ግን ያንንም አልፏል። ስለዚህ የዕረፍቴን አንድ ሙሉ ቀን እዚያም ሰልፍ ላይ ቆምኩ። ጽሑፋችሁ ስለ መመለሻ ምርመራ አንድ መስመር የለውም። የሄደ ሁሉ እዚያው የቀረ ይመስል!

መመርመሩ ራሱ ልክ አልነበረም አላልኩም። በዚያ ዓመት ከኛ ብሎክ ብቻ ሁለት ሰው ቀብረናል። ለሚበር ሰው ያንን ጥጥ አፍንጫው ውስጥ መክተት ከባድ አይደለም። ያልተስተካከለው ሌላ ነው። ደንቡን ያወጣው ሰው ሰዓቱን ሲቆጥር፣ ታክሲ የሚጋፋውን አልቆጠረም። በሁለት ዓይነት የሰዓት አቆጣጠር የሚኖር አገር መኖሩን አላሰበም። ፈረንጁ ባያስብ አልፈርድበትም። የኛው ጋዜጣ ከዓመታት በኋላ፣ በአማርኛ፣ «ተረጋግቶ» ብሎ ሲጽፍ ግን እፈርዳለሁ።

የምጠይቀው ማስተካከያ አጭር ነው። «ውጤቱ ከወጣ በኋላ» የሚለው «ናሙናው ከተወሰደ በኋላ» ይባል። «ማለትም ሦስት ሙሉ ቀን» የሚለው ይውጣ። ቦታ ከተረፋችሁ፣ በምርመራ ወረቀቱ ላይ የሀበሻ ሰዓትና የፈረንጅ ሰዓት ተምታቶበት ከኤርፖርት የተመለሰ ሰው ካለ ይጻፍላችሁ በሉ። ብቻዬን አለመሆኔን እጠረጥራለሁ።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ሁለቱም ወረቀቶች ፋይል ውስጥ አሉ። ደረሰኙም አለ። እሱ ግን ቀለሙ እየለቀቀ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ጽሑፋችሁን አንብቤ ሳወጣው ከሰዓቱ የሚነበበው «09» ብቻ ነበር።

አንባቢያችሁ፣
ከኮዬ ፈጬ