እጅህ አልነበረም

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። 3 ዓመት ሙሉ ዝም ማለቴ ግን ሆዴን ሲበላው ኖሯል። ዛሬ ብዕር ያስጨበጠኝ ያ አሮጌ ድሪል ነው።

ያን ቀን ትዝ ይልሃል? የሬዲዮውን ቦርድ ስትበሳ 0.8 ሚሊሜትሯ ፑንታ፣ መብሻዋ ብረት፣ ቀጭ አለች። ሁለተኛዋም ተከተለቻት። እኔም ሰው ፊት “እጅህ ከባድ ነው” አልኩህ። አንድ ቃል አልመለስክልኝም። መነጽርህን አውልቀህ ወጣህ።

ባለፈው ሳምንት ድሪሉን ሳጸዳ፣ ፑንታውን ከሚይዘው አፉ፣ ከቻኩ ላይ ግሪሱ ሲለቅ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ 1.5-13። ከ1.5 ሚሊሜትር በታች አይዝም ማለት ነው። እኛ 0.8 ነበር የምናጎርሰው!

ባዶውን ቻክ እስከ መጨረሻው አጥብቄ በአጉሊ መነጽር አየሁት። ፑንታውን የሚነክሱት የሦስቱ መንጋጋዎች ጫፍ ስለት አይደለም፤ ወርድ አለው። ሲገጥሙ ጎንና ጎናቸው ቀድሞ ይነካካል፣ መሃል ላይ ክፍተት ይቀራል። ቀጭን ፑንታ ወይ በዚያ ትሾልካለች፣ ወይ ሁለት መንጋጋ መሃል ትሰነቀራለች። ስትሰነቀር ደግሞ በደንብ የተያዘች ነው የምትመስለው። ቻኩን በእጄ ቀስ አድርጌ ሳዞረው ግን ጫፏ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ክብ እየሠራ ይዞራል። የኛዎቹ ፑንታዎች ካርባይድ ነበሩ። ካርባይድ ብረት ይበሳል እንጂ መታጠፍ አያውቅም፤ ወደ ጎን ትንሽ ከተገፋ አለቀለት። ታዲያ ያንተ እጅ ምን ያድርግ?

አሁን ባለ ጭራ ትንሽ ኮሌት፣ ቀጭን ፑንታ መያዣ፣ ገዝቻለሁ። አፉ በመስቀል ቅርጽ ተሰንጥቋል። ዳዶው ሲጠብቅ አራቱም ክፋይ እኩል ይጨመቅና ፑንታዋን ዙሪያዋን ያቅፋታል። ትልቁ ቻክ የሚይዘው ጭራውን ነው። ቻኩንም በሦስቱም ቀዳዳ በኩል በቁልፍ አጠብቀዋለሁ። ድሮ በአንዱ ብቻ ነበር የምንተወው።

ትናንት 12 ቀዳዳ በሳሁ። አንድም ፑንታ አልተሰበረም። አጠገቤ አለመኖርህ ግን ከነከነኝ።

ይቅር በለኝ ወንድሜ። ያንን ቃል ሰው ፊት ነው የተናገርኩት፤ ስሕተቴንም እዚያው ለነበሩት ነግሬያቸዋለሁ።

ቦርድህ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ነው። በማርከር ምልክት ካደረግክባቸው የመብሻ ቦታዎች 7 ቀርተዋል። አልነካኋቸውም። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቅ ነኝ።

ወንድምህ