ከቦን እስከ ማኮን በብስክሌት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በሰኔ ያገኘሽውን የአራት ቀን ዕረፍት መኪና በማይበዛበት የወይን አገር በብስክሌት ማሳለፍ ፈልገሽ የት ይሻለኛል ላልሽው መልሴ የፈረንሳዩ ቡርጎኝ ነው። ከቦን (Beaune) ተነሥተሽ ማኮን ግቢ። አንቺ ሊዮን ስላለሽ ባቡሩም አያስቸግርሽም፤ በሊዮንና በዲዦን መካከል የሚመላለሰው የክልል ባቡር ቦንም ማኮንም ላይ ይቆማል። ለብስክሌት የተተወው ቦታ ጥቂት ስለሆነ የቅዳሜ ጠዋቱን ተዪው። ቦርሳዎቹንም ባቡሩ ሳይደርስ አውርጂ፤ ዕቃ የተጫነ ብስክሌት በባቡር ደረጃ ላይ ማንሣት ወገብ ይቆርጣል።

አቅጣጫውን አትገልብጪ። በሶን ወንዝ ሸለቆ ከሰሜን የሚመጣ ቀዝቃዛ ነፋስ አለ፤ ያገሩ ሰው "ቢዝ" ይለዋል። ወደ ደቡብ ስትሄጂ ከኋላ ይገፋሻል፣ ከማኮን ብትነሺ ግን ሜዳውን ዳገት ያደርግብሻል።

ጠቅላላው ከ120 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። ለአራት ቀን ትንሽ ነው ብለሽ ሦስት ቀን ለማድረግ እንዳይዳዳሽ። የመንደሩን ቧንቧ ፍለጋ፣ የዳቦ ቤቱን ወረፋ፣ ጎማ ሲተነፍስ የሚሄደውን ግማሽ ሰዓት ካርታ አይቆጥርም።

የመጀመሪያው ቀን ከቦን እስከ ሳንትኔ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ በወይን ማሳ መሀል ነው፤ ከዚያ በሳንትር ቦይ ዳር ጥቂት ሄደሽ ሻኚ ታድሪያለሽ። ፖማርና ቮልኔ ቀይ፣ መርሶ፣ ፑሊኚ ሞንራሼና ሻሳኝ ሞንራሼ ይበልጡን በነጭ የታወቁ ናቸው። በቀኝሽ ያለውን ተዳፋት ልብ ብለሽ እዪ። ውዱ ወይን የሚበቅለው ወገቡ ላይ ነው፤ አፈሩ ስስ፣ ከሥሩ በሃ ድንጋይ ስለሆነ ውሃ አይቋጥርም። ግርጌው ላይ ጭቃው ወፍራም ነው፣ ወይኑም ተራ ይሆናል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 የመዘገባቸው እነዚህን በአጥርና በስም የተለዩ ቁርጥራጭ ማሳዎች ነው፤ ከብስክሌት ላይ ሆነሽ ልዩነቱን በዓይንሽ ታነቢዋለሽ።

አሁን ዋናው ነገር። ይህ መንገድ ጸጥ ያለ ነው እንጂ ባዶ አይደለም። የገበሬው መንገድ ስለሆነ የወይን ረድፉን ከላይ አንፈራጥጦ የሚያልፍ ረጅም ትራክተር ከማሳው ድንገት ይወጣል። ነጂው ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ከፊቱ ሥር ያለሽውን ላያይሽ ይችላል። ቅድሚያውን ስጪው፤ እሱ ሥራ ላይ ነው፣ አንቺ ሽርሽር ላይ። የድንጋይ አጥር ወዳለበት መታጠፊያ ስትደርሺ ፍጥነት ቀንሰሽ ደወል ደውዪ። ሰኔ ደግሞ መድኃኒት የሚረጭበት ወር ነው፤ ድኝ ወይም መዳብ ይሁን ሌላ፣ ጭጋግ የመሰለ ነገር ካየሽ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ቆመሽ ረድፉን እስኪጨርስ ጠብቂ። ጆሮሽ ላይ ምንም አትሰኪ፤ በፈረንሳይ ለብስክሌተኛም በሕግ የተከለከለ ነው፣ ትራክተሩንም የምትሰሚው በጆሮሽ ነው።

ጎማሽ ከ37 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ይሁን። ለአንቺ ክብደትና ለ10 ኪሎ ጓዝ የኋላውን 4 ባር፣ የፊቱን 3.5 ባር ንፊው። ከዚያ ካነሰ የሲሚንቶ ጠርዝ ስትመቺ የውስጡ ጎማ በቸርኬው ይቆነጠጣል። ስትፈቺው ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ካገኘሽ ንፋስ አንሶ ነው፤ አንድ ከሆነ እሾህ ወይም ሽቦ ነው። በዚህ ወቅት ሠራተኞቹ የወይኑን ሐረግ ወደ ላይ እያነሡ በሽቦ መሀል ስለሚያስሩት የማያያዣ ቁርጥራጭ መንገድ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ሦስት የፕላስቲክ የጎማ መፈልፈያና መንፊያ ያዢ። ጎሚስታ በየመንደሩ የለም።

ስትቀይሪ ሰንሰለቱን ትንሿ ጥርስ ላይ አድርገሽ ቸርኬውን አውጪ። አዲሱን ከማስገባትሽ በፊት የውጭውን ጎማ ውስጡን በጣትሽ ቀስ ብለሽ ዳሽሺ፤ ሽቦው እዚያው ከቀረ አዲሱም በአምስት ደቂቃ ይተነፍሳል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አዲሱን ቅርጹን እስኪይዝ ትንሽ ንፊው፣ ከነፋስ መግቢያው ትይዩ ጀምረሽ መግቢያው ላይ ጨርሺ። የመጨረሻውን ጠርዝ በመፈልፈያ ሳይሆን በአውራ ጣትሽ ግፊው፤ መፈልፈያው ይበሳዋል።

በሁለተኛው ቀን ከሻኚ እስከ ሻሎን የሚወስድሽ ያው የሳንትር ቦይ ነው። ጀልባ ከፍና ዝቅ የሚልባቸው የውሃ በሮች ጋ አጭር ግን ቀጥ ያለች ዳገት ስላለች ማርሹን ቀድመሽ ለውጪ። ዓሣ አጥማጆች ረጃጅም ዘንጋቸውን በመንገዱ አግድም ይዘረጋሉ፣ እንዲያነሡልሽ ከሩቅ ደውዪላቸው። የዛፍ ሥር አስፋልቱን ያነሣበትን ቦታ ከኮርቻ ተነሥተሽ እለፊ። ሻሎን ውስጥ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከመኪና ጋር ትጋፊያለሽ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ዢቭሪ ቀላል ነው።

ሦስተኛው ቀን ረጅሙ ነው፤ ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ 44 ኪሎ ሜትር። የድሮ የባቡር ሐዲድ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1997 ለብስክሌት የተከፈተ፣ በፈረንሳይ የዚህ ዓይነቱ የመጀመሪያው መንገድ ነው። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት ስለማይወድ መንገዱ ሜዳ ይመስላል፣ ችግሩም እሱ ነው። ቁልቁለት ስለሌለ እግር አያርፍም፣ መቀመጫም ከኮርቻ አይነሣም። በየአሥር ደቂቃው ፔዳል ላይ ቆመሽ ትንሽ ሂጂ። የኮርቻውን ከፍታም ቤት ሳለሽ አስተካክዪ፤ ተረከዝሽ ታች በወረደው ፔዳል ላይ ሲያርፍ ጉልበትሽ ቀጥ ይበል። ዝቅ ካለ የጉልበትሽ ፊት፣ ከፍ ካለ የጉልበትሽ ጀርባ ያምሻል።

የብስክሌቱ መንገድ የመኪና መንገድ በሚያቋርጥበት ሁሉ አጥር አለ፤ ቦርሳሽ ሰፊ ከሆነ ይይዘዋል። መኪናው አይቆምልሽም፣ ቅድሚያው የሱ ነው። ሃያ ማቋረጫ ባዶ አግኝተሽ ሃያ አንደኛው ላይ ሳታዪ እንዳትገቢ፣ ይህ የሁልጊዜ ስጋቴ ነው።

ስለ ምግብ፦ ጾመ ሐዋርያት ስለሚሆን የመንደር ምግብ ቤት አያዋጣሽም፤ ቅቤና ክሬም የሌለበት ነገር የለም ማለት ይቻላል። ዳቦ ቤት ገብተሽ "ባጌት ትራዲሲዮን" በዪ፤ ሕጉ ራሱ ቅቤና ወተት ስለማይፈቅድ የጾም ነው። ክሯሳን ግን ቅቤ ነው። የተቀቀለ ምስርና ሽምብራ በቆርቆሮ ከሻሎን ገዝተሽ ያዢ። ብዙ ዳቦ ቤት ሰኞ ይዘጋል፣ ሱቁም እሑድ ከሰዓት። ውሃ ሲያልቅብሽ የመንደሩን መቃብር ፈልጊ፤ አበባ ለማጠጣት ቧንቧ አያጡም። "የማይጠጣ" የሚል ጽሑፍ ካለ ግን ተዪው።

ወይን መቅመስ ከፈለግሽ ከጾሙ ጋር ያለውን ነገር ከንስሐ አባትሽ ጋር ጨርሺው፣ እኔ አልገባበትም። ሕጉ ግን ለብስክሌተኛም ያው ነው፤ በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም አልኮል። ቀማሾቹም ይተፉታል፣ መትፊያው ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ነውር አይደለም። ጠርሙስ አትሸከሚ። አንዱ ብቻ 1.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ቦርሳ ውስጥም በፀሐይ ይበላሻል።

በመጨረሻው ቀን ከክሉኒ ወጥተሽ ቀስ እያለ በሚወጣ መንገድ የቧ ክሌር ዋሻ ትደርሻለሽ፤ 1.6 ኪሎ ሜትር ነው። በብርዱ ወራት ለሌሊት ወፎቹ ሲባል ይዘጋል፣ በሰኔ ክፍት ነው። ውጪው 30 ዲግሪ ቢሆንም ውስጡ ብርድ ስለሆነ ሹራብሽን ከላይ አድርጊው፣ የፊትና የኋላ መብራትሽንም አብሪ። ስትወጪ ቁልቁለቱ ይጀምራል፤ ወደ ፊት የሶሉትሬን ገደል ታያለሽ።

ማኮን ሁለት ባቡር ጣቢያ አለው። ሎሼ የሚባለው ከከተማው ውጪ ያለ የፈጣን ባቡር ጣቢያ ነው፤ ያንቺ ባቡር የሚነሣው ከማኮን ቪል ነው።

እናትሽ ትሳለምሻለች። ስትደርሺ ደውዪልን።

አባትሽ