ስንለጥፍ ጽሑፉ ብቻውን አይመጣም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለብዙ ሰው እዚህ ግባ የማይባል በሚመስል፣ እንደ እኔ ሰነድ በማጠናቀርና ጽሑፍ በማረም እንጀራውን ለሚበላ ሰው ግን የዕለት ተዕለት ፈተና በሆነ ጉዳይ ላይ ነው። ጉዳዩም አንድን ጽሑፍ ከአንድ ቦታ ኮፒ አድርገን ሌላ ቦታ ፔስት ስናደርግ፣ እኛ ምንም ሳንመርጥ፣ የጽሑፍ ማዘጋጃው ፕሮግራም በራሱ የሚወስደው ውሳኔ ነው። ባለሙያዎች ይህን ውሳኔ «ዲፎልት» ይሉታል፤ በአማርኛ ነባሪ ምርጫ ልንለው እንችላለን።

በየቢሮው የሚታየውን ልጥቀስ። አንድ ባልደረባ ከድረ ገጽ ላይ አንዲት አንቀጽ ኮፒ ያደርግና ማይክሮሶፍት ዎርድ ላይ ወደሚያዘጋጀው ሪፖርት ሄዶ ኮንትሮልና ቪን ይጫናል። አንቀጿ የድረ ገጹን ፎንት፣ የፊደል መጠን፣ ከጀርባዋ የነበረውን ግራጫ ቀለም፣ ከሥሩ የተሰመረበትን ሰማያዊ ሊንክ ሁሉ አስከትላ ከች ትላለች። ባልደረባችን ፎንቱን ይቀይራል፣ መጠኑን ወደ 12 ይመልሳል፣ ሰማያዊውን ያጠቁራል፤ በመስመሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ግን ከላይና ከታች ካሉት አንቀጾች ጋር አልገጥም ይለዋል። በመጨረሻ ታክቶት እንዳለ ይተወዋል፤ ሪፖርቱም በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ዓይነት ፊደል ይዞ ወደ አለቃው ጠረጴዛ ይሄዳል። በጋዜጦቻችን ዓምዶች መካከልም ድንገት ቀጠን ወይም ወፈር ብሎ የሚታይ አረፍተ ነገር ባጋጠመኝ ቁጥር ከሌላ ቦታ ተቀድቶ የመጣ መሆኑን እጠረጥራለሁ።

ነገሩ እንዲህ የሚሆነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ኮፒ ስናደርግ አንድ ነገር የያዝን ይመስለናል እንጂ ኮፒ የተደረገው ነገር ለጊዜው በሚያርፍበት ክሊፕቦርድ ላይ የሚቀመጠው ብዙውን ጊዜ የአንዱ ጽሑፍ የተለያየ ቅጂ ነው፤ አንዱ ባዶ ፊደላቱን ብቻ የያዘ ሲሆን ሌሎቹ ከነቅርጹና ከነቀለሙ የተቀመጡ ናቸው። ከእነዚህ የትኛውን እንደሚያነሣ የሚወስነው ተቀባዩ ፕሮግራም ነው። ኖትፓድ የተባለው ቀላል የጽሑፍ መጻፊያ በተለምዶ ባዶውን ብቻ ስለሚያነሣ ብዙ ጸሐፊዎች ጽሑፉን መጀመሪያ እዚያ ለጥፈው፣ ከዚያ እንደገና ኮፒ አድርገው ወደ ዎርድ ሲወስዱት አያለሁ፤ ይህ ውኃን በነጠላ እንደ ማጥለል ያለ ዘዴ ነው፣ ይሠራል ግን ያደክማል። ሁለተኛው ምክንያት ብዙዎች የማያስተውሉት ነው። በዎርድ የአንቀጽ ቅርጽ፣ ማለትም የመስመር ክፍተቱና አሰላለፉ፣ የሚቀመጠው በአንቀጹ መጨረሻ ላይ ባለው፣ እስካላስገለጥነው ድረስ በማይታየን የአንቀጽ ምልክት ውስጥ ነው። ጽሑፉን እስከ አራት ነጥቡ ብቻ መርጦ ኮፒ ያደረገና የማይታየውን ምልክት ጭምር ይዞ የሄደ ሰው አንድ ዓይነት ውጤት የማያገኙት በዚህ የተነሣ ነው።

መቅዳትና መለጠፍን በዛሬው መልኩ ወደ ኮምፒውተር ያመጡት ላሪ ቴስለርና ቲም ሞት በ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል «ጂፕሲ» የተባለውን የጽሑፍ ማዘጋጃ ሲሠሩ ነበር። ፕሮግራሙን ያዘጋጁት ለአንድ የመማሪያ መጻሕፍት አሳታሚ አርታኢዎች ነው። አርታኢዎቹ እውነተኛ መቀስና ሙጫ ይዘው የሚሠሩ ሰዎች ስለነበሩ የትእዛዙ ስም ከእነርሱው ጠረጴዛ ተወሰደ። በመቀስ የተቆረጠ ወረቀት ፊደሉንም ቀለሙንም ይዞ እንደሚሄድ ግልጽ ነው፤ ዎርድም ለብዙ ዓመታት በነባሪነት የያዘው ይህንኑ መንገድ፣ «ኪፕ ሶርስ ፎርማቲንግ» የተባለውን፣ ነበር። በቅርብ ዓመታት ግን ማይክሮሶፍት ከሌላ ፕሮግራም ለሚመጣ ጽሑፍ ነባሪውን «መርጅ ፎርማቲንግ» ወደተባለው ቀይሮታል፤ በዚህም እንግዳው ጽሑፍ የተቀባዩን አንቀጽ መልክ ይይዛል፣ በመካከሉ በደማቅ የተጻፈ ቃል ካለ ድምቀቱ ይቀራል። እኔ ለውጡን ደግፌዋለሁ፤ ሆኖም ለአማርኛ ጸሐፊ አደጋ እንዳለው ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

አደጋውን የማውቀው በራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት መሥሪያ ቤት የየክፍሉን ሪፖርት የሚያሰባስቡ ወጣት ባልደረቦቼን ሰብስቤ፣ ከየትም የመጣ ጽሑፍ «ኪፕ ቴክስት ኦንሊ» በሚባለው፣ ማለትም ፊደላቱ ብቻ ተወስደው ቅርጹ በሚጣልበት መንገድ እንዲለጠፍ አዘዝኩ። ሳምንት ሳይሞላ አንዷ ደንግጣ ጠራችኝ። በስክሪኗ ላይ አሥራ አራት ገጽ ሙሉ የላቲን ፊደል፣ ቅንፍ፣ የጥያቄ ምልክትና ባዶ ሳጥን ተደርድሯል፤ አንድም የአማርኛ ቃል የለም። «ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት ነው ያደረግሁት» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ጽሑፉ ከዩኒኮድ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል ሁሉ የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ በፊት በነበረ ፎንት የተጻፈ ነበር፣ እሷም መነሻውን ፋይል ከፍላሹ ላይ አጥፍታዋለች። አንድ የታተመ ቅጂ በመገኘቱ ሁለት ቀን ቁጭ ብለን እንደገና ጻፍነው።

ይህ ለምን እንደሚሆን ብናብራራው ለብዙዎች የሚጠቅም ይመስለኛል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 (እ.ኤ.አ.) በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፎንቶች ለላቲን ፊደል በተመደበው ቦታ ላይ የእኛን ፊደል ሥለው የሚያስቀምጡ ነበሩ፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲኑን ፊደል ነው፣ አማርኛ የሚያደርገው ፎንቱ ብቻ ነው። እንዲያውም በአንድ ፎንት ውስጥ የነበረው ቦታ ቢበዛ 256 ሲሆን ከዚያም ላይ የተወሰነው ለሌላ ሥራ የተያዘ ነበር። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ እነ ቋን፣ ቁጥሮቹንና ሥርዓተ ነጥቦቹን ስንጨምር ቦታው አይበቃም። ስለዚህ አንዳንዶቹ አሠራሮች ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ፎንቶች አከፋፈሉት። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ፎንቱ ከተገፈፈ በኋላ የትኛው ምልክት ከየትኛው ፎንት እንደመጣ የሚናገር ነገር ስለማይቀር፣ አንዱን ፎንት መልሶ በማልበስ ብቻ አይድንም። ለሌላው ዓለም «ቅርጽ» ተብሎ የሚጣለው ነገር በእነዚህ ሰነዶች ላይ ፊደሉ ራሱ ነው። «መርጅ ፎርማቲንግ»ም ፎንቱን ስለሚቀይር ያው ጉዳት ያደርሳል።

እንዲህ ያሉ ሰነዶች ጥቂት ቢሆኑ ኖሮ ባልጻፍኩ ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት፣ በየጠበቃው ኮምፒውተርና በየማተሚያ ቤቱ ያልተለወጡ ፋይሎች ዛሬም ይከፈታሉ፤ አሮጌ ውል ተከፍቶ አንድ አንቀጽ ወደ አዲሱ ይገለበጣል።

በመሆኑም የማሳስበው ይህ ነው። ነባሪውን ምርጫ እያንዳንዱ ጸሐፊ በየዕለቱ እየታገለ ከሚያስተካክለው፣ መሥሪያ ቤቶች አንድ ጊዜ ወስነው በሁሉም ኮምፒውተር ላይ እንዲያስተካክሉት እጠይቃለሁ። ቦታው ሩቅ አይደለም፤ በዎርድ «ፋይል» ከዚያ «ኦፕሽንስ» ከዚያም «አድቫንስድ» ሲባል መቁረጥ፣ መቅዳትና መለጠፍን የሚመለከተው ክፍል ይገኛል። እዚያ በዚያው ሰነድ ውስጥ ለሚለጠፍ፣ ከሌላ ሰነድ ለሚመጣና ከሌላ ፕሮግራም ለሚመጣ ጽሑፍ የተለያየ ምርጫ ማስቀመጥ ይቻላል። በእኔ አስተያየት ከሌላ ፕሮግራም የሚመጣው «መርጅ ፎርማቲንግ» ላይ ይሁን፤ ባዶ ፊደል ብቻ የፈለገ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቪን በአንድነት ይጫን። ይህ በአዲሶቹ የዎርድ እትሞችና በጉግል ዶክስ ይሠራል። ከሌላ ሰነድ ለሚመጣው ግን አሮጌ ፋይል የሚበዛበት ቢሮ «ኪፕ ሶርስ ፎርማቲንግ»ን ባይነካ ይሻላል፤ የተበላሸ መልክ ይታረማል፣ የጠፋ ፊደል ግን አይገኝም። ባዶ ፊደል ብቻ የሚወስደው መንገድ ሠንጠረዥን ወደ ተራ አንቀጽ እንደሚለውጥና ሥዕልን እንደሚጥልም መዘንጋት የለበትም፤ የበጀት ሠንጠረዥ እንደዚያ ተለጥፎ አይቻለሁና።

አሮጌው ፋይል መጀመሪያ በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ፣ ከመነሻው ጋር በዓይን ይመሳከር፣ ከዚያ በኋላ እንደፈለጉ ይለጠፍ፤ መነሻው ግን አይጥፋ። የጽሕፈት ሥራና የኮምፒውተር ማሠልጠኛዎችም ኮንትሮል ሲንና ኮንትሮል ቪን በመጀመሪያው ቀን አስተምረው የሚያልፉትን ትምህርት አንድ ሰዓት ቢጨምሩበት ደስ ይለኛል።

ለዝግጅት ክፍላችሁም አንድ ጥያቄ አለኝ። ለአንባቢያን ደብዳቤ ላኪዎች በምታወጡት ማሳሰቢያ ላይ ጽሑፉ በዩኒኮድ እንዲሆን የሚጠይቅ አንድ መስመር ብትጨምሩ ምን ይመስላችኋል? ይህንን ደብዳቤ እኔ በዩኒኮድ ጽፌዋለሁ፤ ወደ ገጻችሁ ስትለጥፉት የእኔን ፎንት ጥላችሁ የራሳችሁን ብታለብሱት አንዲት ፊደል አትጎድልም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሰነድ አራሚ፣ ከአዲስ አበባ