ሐዲዱ ቢነሳም መስመሩ አይቆራረጥ

ክቡር አዘጋጅ፣

ሥራ ያቆሙ ቅርንጫፍ የባቡር መስመሮችን የእግርና የብስክሌት መንገድ ስለማድረግ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አነበብኩት። አንድ ነገር ግን ሳይነሳ ቀርቷል።

እናቴ የምትንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ሽርሽር ስንወጣ አብዛኛውን ጊዜ ከመኪና ማቆሚያው አናልፍም፤ ከዚያ ወዲያ ወይ ደረጃ ነው ወይ አቀበት። በቅርቡ ግን በአንድ የቀድሞ የባቡር መስመር ላይ ወሰድኳት። አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ስገፋት ትንፋሽ እንኳ አላጠረኝም። የብረት ጎማ ብረት ላይ ስለሚያንሸራትተው ባቡር ዳገት አይሆንለትም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ጉብታውን ቆርጠው፣ ጎድጓዳውን በአፈር ሞልተው፣ አልበገር ያለውን ተራራ በዋሻ በስተው ነው ያለፉት። አብዛኛው መስመር በመቶ ሜትር ውስጥ ከፍ የሚለው ቢበዛ ሁለት ሜትር ገደማ ነው። ያ ሁሉ ልፋት ዛሬ ለእናቴ ዊልቸር ሆነ።

ዋሻው ውስጥ ብርዱ ተቀበለን። ከጣሪያው ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። እማዬ እጇን ዘርግታ ግድግዳውን ነካች፣ ጣቷን አየችና "ይኼ እኮ የባቡሩ ጥላሸት ነው!" አለችኝ። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል።

ከዋሻው ወጥተን ትንሽ እንደሄድን ግን መንገዱ ተቋረጠ። የብረት ድልድዩ ተነስቷል። በምትኩ ወደ አስፋልቱ የሚያወርድ ደረጃ ተሠርቷል። ተመለስን።

የምለው ይህንኑ ነው። መስመሩን ጠቃሚ ያደረገው መቀጠሉ ነው። አንድ ድልድይ ከተነሳ ወይም መሃሉ ላይ ትንሽ መሬት ለግንባታ ከተሸጠ መልሶ መግጠም ከባድ ነው፣ ወጪውም አይቀመስም። በኒውዚላንድ የኦታጎ ማዕከላዊ መስመር እ.ኤ.አ. በ1990 ሲዘጋ፣ 150 ኪሎ ሜትር ያህሉ ሳይበታተን ቆይቶ በ2000 የብስክሌተኞች መንገድ ሆኖ ተከፈተ። አሜሪካ ደግሞ በ1983 ባወጣችው ሕግ የተዘጋ መስመር ባቡር ዳግም እስኪያስፈልግ ድረስ ለእግረኛ እያገለገለ ሳይቆራረጥ እንዲጠበቅ ፈቅዳለች።

ስለዚህ ሐዲዱ ከመነሳቱ በፊት መሬቱ በማን እጅ እንደሚቆይ ይወሰን። ድልድዮቹ አይነኩ። ወለሉም የባቡሩ ሻካራ ጠጠር እንዳለ ከሚተው በደቃቅ ጠጠር ተደልድሎ ይጠቅጠቅ፤ ሻካራው ላይ ዊልቸር አይሄድም።

ከተነሳው ድልድይ ማዶ አሮጌው ጣቢያ ይታያል። እማዬ መቼ እንደምንደርስበት ዛሬም ትጠይቀኛለች።

አንድ አንባቢ