ሁለቱ ብርቱካንማ ቢራቢሮዎች አንድ አይደሉም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ለትምህርት ቢራቢሮ የሚሰበስቡ ሰዎች በክንፍ ቀለም ብቻ ባይመድቡ ጥሩ ነው። ዳናውስ ክሪሲፐስ የተባለው ብርቱካንማ ቢራቢሮ አባጨጓሬ ሳለ ጦቢያው ከሚባለው ተክል ቅጠል መርዝ ስለሚያከማች ወፎች ይሸሹታል፤ ሂፖሊምናስ ሚሲፐስ የተባለው ሌላ ቢራቢሮ መርዝ የሌላት እንስት ደግሞ ቁርጥ እሱን ትመስላለች። መለያው የኋላ ክንፍ ነው፦ ዳናውስ መሃሉ ላይ ሦስት ወይም አራት ጥቁር ነጥቦች አሉት፤ እሷ ግን ከላይኛው ጠርዝ አጠገብ አንድ ብቻ። የሚሲፐስ ወንዱማ ጥቁር ሆኖ ትልልቅ ነጫጭ ክቦች ስላሉት ጭራሽ ሌላ ዝርያ ይመስላል።

ናሙና በላስቲክ ከታሸገ ይሻግታል፤ በሦስት ማዕዘን የታጠፈ ወረቀት ይሻላል። ቦታ፣ ቀንና ከፍታ ካልተጻፈበት ለምደባ ጥናት ሳይሆን ለግድግዳ ጌጥ ነው። የእሳት እራት በመብራትና በነጭ አንሶላ የሚያጠምድ ሰውም ሙሉ ጨረቃ በወጣችበት ሌሊት ባይደክም ይመረጣል።

ከሐዋሳ