ሽታ ሳይቀር አስባችሁ እናቴን ላስታመማችሁልኝ

የእናቴ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምናዋ) አልቋል። ሐኪሟ የመጨረሻውን ውጤት አይቶ «ከእንግዲህ የሚመጡት ለክትትል ብቻ ነው» ብሏታል። ተመስገን! ገንዘብ ያዋጣችሁ፣ ደም የሰጣችሁ፣ በተራ ሆስፒታል ያደራችሁ ዘመድ ወዳጆች፣ ለእናንተ በስልክም በአካልም አመስግኛለሁ፣ ደግሜም አመሰግናለሁ። ይህን የምጽፈው ግን በተለይ ለካንሰር ክፍሉ ነርሶችና ለፅዳት ሠራተኞቹ ነው። ስማችን አይጠቀስ ስላላችሁኝ አልጠቅስም። ሥራችሁን ግን ሰው ይወቅልኝ።

ኬሞ የወሰደ ወይም ያስታመመ ያውቀዋል፤ ከድካሙ እኩል የሚያሰቃየው ሽታ ነው። በረኪናው፣ ሳሙናው፣ የጠያቂ ሽቶ፣ የምሳ ዕቃ ሲከፈት የሚወጣው እንፋሎት፣ ሁሉም ይከብዳል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ቁሌት ስታቁላላ የኖረች ሴት ናት፤ ከጎረቤት የሽንኩርት ሽታ በመጣ ቁጥር ግን ወደ መታጠቢያ ቤት ትሮጥ ነበር። ይባስ ብሎ መድኃኒቱ ገና ሳይሰካላት፣ በሩ ጋ ስንደርስ የአልኮሉ ሽታ ብቻ ያስመልሳት ጀመር። መጀመሪያ ስትታከምበት በነበረው ቦታ ይህን ስናነሳ «የሁሉም ነው፣ ይቻሉት» ተብለን ተመልሰናል።

እናንተ ግን ጠየቃችኋት። «እማማ፣ የትኛው ሽታ ነው የሚያስቸግርዎት? ደስ የሚልዎትስ የቱ ነው?» አለቻት ሲስተር፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ። እናቴ ሎሚና ጠጅ ሳር አለች። ሲስተር በደንብ የታጠበ ሎሚ ወስዳ ልጣጩን በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገችው፣ ቆርጣ በንጹህ ጎዝ (በስስ የቁስል ጨርቅ) ጠቀለለችውና ክዳን ባላት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ አስገባችው። «ሲያቅለሸልሽዎት ከፍተው በአፍንጫዎ ቀስ ብለው ይሳቡ፣ ሲበቃዎት ይክደኑት» አለቻት። ክዳኑ ለጎረቤት ታካሚ ታስቦ ነው። ማዶ የተኛችው እህት የሎሚ ሽታ አትወድም ነበር፤ የሷ ብልቃጥ ውስጥ የተቆላ ቡና ነበር፣ ከሷ አጠገብ ላለችው ደግሞ ቡናው አይስማማትም። እንዲህ እያንዳንዱን ሰው ጠይቆ፣ አንዱ ሌላውን ሳያውክ ማስተናገድ ቀላል ሥራ አይደለም፣ ያውም ስንት ታካሚ በምትሯሯጡለት ክፍል!

ከሁሉም በላይ የማልረሳው ግን ማብራሪያውን ነው። ሽታ ስሜትንና ትዝታን ወደሚይዘው የአንጎል ክፍል በአጭር መንገድ ስለሚደርስ፣ አንዴ ከማስመለስ ጋር የተያያዘ ሽታ በሌላ ቀን ብቻውን ሊያስመልስ እንደሚችል ሲስተር ነገረቻት። «አመል አይደለም እማማ፣ ፈሪም ስለሆኑ አይደለም» ስትላት እናቴ አለቀሰች። ለካ እስከዚያ ቀን ድረስ በር ላይ ማስመለሷ ያሳፍራት ነበር፣ ለእኛም አልነገረችንም።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ለሚያቅለሸልሻቸው ሰዎች የአልኮል ጥጥ ማሽተት እንደሚያስታግሳቸው እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2018 አሜሪካ ውስጥ የታተሙ ጥናቶች አሳይተዋል። ሲስተር ይህን ታውቃለች፤ ለእናቴ ግን አልሞከረችውም፣ ለሷ የአልኮል ሽታ ማለት ራሱ ኬሞው ነዋ። የማቅለሽለሽ ማስታገሻ መድኃኒቷም ቢሆን በሎሚ ምክንያት አንድም ቀን አልተቋረጠም። «ሎሚ ካንሰር ይፈውሳል» እያላችሁ በቴሌግራም የምትልኩልን ወገኖች፣ ፍቅራችሁ ይገባኛል፣ ግን እባካችሁ ተዉ። እናቴን ያከማት ኬሞው ነው፤ ሎሚው ኬሞውን እንድትችለው አገዛት።

አክስቴ እጣንና ማጨሻ ይዛ የመጣች ዕለትም ማንም አልጮኸባትም። «እትዬ፣ እዚህ ኦክስጅን የሚወስድ ታካሚ አለ፣ እሳት አይቻልም፤ ጭሱም አስም ያለበትን ያፍናል» ብላችሁ አስረዳችኋትና እጣኑን ሳይጨስ በፍሬው ብልቃጥ ውስጥ ከተታችሁላት። እናቴ ዳዊቷን ስትደግም ያንን ትከፍት ነበር። በሽታ የሚከላከልላት ነጭ የደም ሴሏ የወረደ ጊዜ ደግሞ ጠጅ ሳሩንና ጠያቂ ያመጣውን ትኩስ አበባ አወጣችሁ፤ ቅጠሉና የአበባው ውኃ ለሷ አደገኛ ጀርም ሊይዝ እንደሚችል ባትነግሩን ኖሮ እኛ በፍቅር እንከምርላት ነበር።

የፅዳት እናቶች፣ እናንተን ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም። በኬሞ ቀን ቀደም ብላችሁ ወልውላችሁ፣ መስኮቱን ከፍታችሁ፣ ታካሚ ሳይገባ የበረኪናውን ሽታ ታስወጡ ነበር። ይህን እንድታደርጉ ማንም አላዘዛችሁም። ምሳ ስናመጣም «ክዳኑን ኮሪደር ላይ ክፈቱት፣ እንፋሎቱ ይውጣለት፣ በረድ ያለ ምግብ ብዙ አይሸትም» ያለችን ከእናንተው አንዷ ናት። ከዚያ ወዲህ ነው እናቴ አጥሚቷን መጨረስ የጀመረችው።

ጠያቂዎቻችንም ተባረኩ። ሽቶ ሳትቀቡ ኑ ስንላችሁ ሳትቀየሙ፣ ከሥራ ስትወጡ ሸሚዝ ቀይራችሁ የመጣችሁ አላችሁ።

እናቴ አጠገቤ ሆና ይህን ጻፊልኝ ትላለች፤ «ልጆቼ፣ እጃችሁ ይባረክ፣ ክፉ አይንካችሁ፣ ውለታችሁን እሱ ይክፈላችሁ። ማዶ የነበረችውን ልጅ ሰላም በሉልኝ፣ ቡናውን ቤቴ መጥታ ትጠጣ።» ለክትትል ስንመጣ ክዳን ያላቸው ብልቃጦችና ጎዝ እናመጣለን፤ ሌላም የሚያስፈልግ ካለ በስልኬ ንገሩኝ፣ ቁጥሬ ሲስተር ጋ አለ።