ቀዩ ምንጣፍ ላይ የጣና ነፋስ የለም

ሰላም ለእናንተ ይሁን የዝግጅት ክፍሉ ሰዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በቅርቡ የሴቶች ገፃችሁ ላይ የውጭ አርቲስቶች ቀይ ምንጣፍ ላይ ፀጉራቸውን ወደላይ ተይዘው የተነሱትን ፎቶ ደርድራችሁ ከስሩ ረጅም ፀጉር ያላት ሴት ቤቷ ሆና ልትሰራው ትችላለች ብላችሁ ፅፋችሁ ነበር። እኔ እዚህ ባህር ዳር ፀጉር ሰሪ ነኝ፣ ጋዜጣችሁ ከወጣ ወዲህ ገፁን ቀድዳ በቦርሳዋ ይዛ ያልመጣች ሙሽራ የለችም ማለት ይቻላል፣ አንዳንዷማ በስልኳ አንስታው ዙም እያረገች "ይቺን፣ ልክ ይቺን" ትለኛለች። ስራ ስላመጣችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ አልከፋኝም። ግን ፅሁፉ ላይ የቀረ ነገር አለ፣ የቀረው ነገር ደግሞ ጣጣው የሚተርፈው ለሙሽራዋ ስለሆነ ነው ይቺን የምፅፍላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎቶው ላይ ያለው ፀጉር የተሰራው ለዛ ቦታና ለዛ ሰዓት ነው። ኦስካር ላይ ቀይ ምንጣፍ መነጠፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው (በ2023 ቀለሙን ቀይረው ሻምፓኝ መሳይ አርገውት ነበር፣ ሰው ግን ያው ቀይ ምንጣፍ ነው የሚለው)፣ እና እዛ የምትቆም ሴት ስራዋ ለካሜራ መቆም ነው፣ ከመኪና ትወርዳለች፣ ዞር ዞር ትላለች፣ ፎቶ ትነሳለች፣ አዳራሽ ገብታ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች፣ አለቀ። የኛዋ ሙሽራ ገና ሳይነጋ እኔ ጋ መጥታ ትቀመጣለች፣ ከዛ ቤት ሄዳ ጎንበስ እያለች የዘመድ አዝማዱን ጉልበት ትስማለች፣ ቤተክርስቲያን ያለባትም ትሄዳለች፣ ከዛ ጣና ዳር ፎቶ፣ ካሜራማኑ ደግሞ ጀልባ ላይ ካልወጣችሁ ይላል፣ ጀልባው ካልበቃው ቤዛዊት ተራራ ያወጣቸዋል፣ ወይ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ ላይ አቁሟቸው ቬሎው እየተውለበለበ ቪዲዮ ይቀርፃል፣ ከዛ አዳራሽ፣ ከዛ ጭፈራ፣ እስክስታው እስከ እኩለ ሌሊት። እና ያ ነፋስ ቀልድ አይደለም፣ ከሰዓት በኋላ መሬቱ ሲሞቅ ከሀይቁ ወደ ከተማው መንፈስ ይጀምራል፣ ፎቶ የሚነሱት ደሞ በዛችው ሰዓት ነው።

ስለዚህ እኔ ሙሽራ ፎቶ ይዛ ስትመጣ መጀመሪያ የምጠይቃት ስለ ፎቶው አይደለም፣ ፕሮግራምሽ ምን ምን ነው ነው የምላት። ተክሊል ካለች በቃ ከፍ ብሎ አናት ላይ የሚቆለል ነገር አይሆንም፣ አክሊሉ የት ይቀመጥ? ለሷ የሚሆነው ዝቅ ብሎ ማጅራት ላይ የሚጠቀለለው ነው፣ የፊልም ተዋናይዋ ግሬስ ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1956 ሞናኮ ስታገባ ያረገችው አይነት፣ ፀጉሯ ወደኋላ ተሰብስቦ ዝቅ ብሎ ተጠቅልሎ ከላይ ትንሽዬ ቆብ መሳይ ከአይነ ርግቧ ጋር፣ ይሄው እስካሁን ሰው ያንን ፎቶ ይዞ ይመጣል። እዚህም ያምራል፣ ነጠላም ሲደረብበት አይበላሽም። ቢሃይቭ የሚሉትን ቁልሉን ደሞ፣ ያንን ቺካጎ ውስጥ ማርጋሬት ቪንቺ ኸልት የምትባል ፀጉር ሰሪ እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣችውን፣ ለመልስ ወይ ለምርቃት ይሁን እላለሁ፣ የዩኒቨርስቲ ተመራቂ ግን ቆቡን አስባበት ትምጣ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ፅሁፋችሁ "ፀጉርሽን በደንብ ታጠቢና" ብሎ ነው የሚጀምረው። አረ ባካችሁ! የዛኑ ቀን የታጠበ ፀጉር፣ በተለይ ረጅምና ዞማ የሆነ ፀጉር፣ እንደ አዲስ ሳሙና ነው የሚያሟልጨው፣ ፒኑ ይገባል ይወጣል። እዚህ ከተማ ብዙ ቦታ የለመድነው ግን ይሄንኑ ነው፣ ጠዋት ይታጠባል፣ ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ይገባል፣ በፒያስትራ፣ በመተኮሻው፣ ፀጥ እስኪል ይተኮሳል፣ ከዛ ያንን ያለሰለስነውን ፀጉር መልሰን ቁም እንለዋለን። ከሰርጉ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው መታጠብ ያለበት፣ ዘይት ሳይቀባ፣ ጠዋት ሲመጣ ትንሽ የያዘው ነገር አለ፣ ካልያዘ ደሞ ትንሽ ስፕሬይ ስሩ ላይ ተረጭቶ በማበጠሪያ ወደ ስሩ ወደ ስሩ ይገፋል፣ ውስጡ ትንሽ ይነፋፋና ፒኑ የሚጨብጠው ነገር ያገኛል።

ፍሪዝ፣ በሙቀት የሚጠቀለለው፣ ከተሰራም ሳይቀዘቅዝ አይፈታም። ሙሽራዋም ሚዜዎቹም ይቸኩላሉ፣ መኪናው ውጪ ጡሩንባ ይነፋል፣ አውቃለሁ። ግን ፀጉር በሙቀት ቅርፅ የሚይዘው ውስጡ ያለው ሃይድሮጅን ቦንድ የሚሉት ማያያዣ ሲሞቅ ይላቀቅና ሲቀዘቅዝ በአዲሱ ቅርፁ ተመልሶ ስለሚያያዝ ነው፣ በሙቀቱ ከፈታሽው ገና ሳይያዝ ነው የፈታሽው። እርጥበትም እሱኑ ቦንድ ነው የሚፈታው፣ ለዛ ነው ክረምት ላይ ወይ ጀልባ ላይ ውሃ ሲረጫት በፒያስትራ የተተኮሰው ሁሉ ተነስቶ የሚቆመው። ሙሽራዋ ፀጉሯን ጠላችው እንጂ ፀጉሩ ምንም አላጠፋም።

ፒኑንም ልንገራችሁ ብዙ ሰው ገልብጦ ነው የሚሰካው። የፀጉር ፒን አንድ እግሩ ቀጥ ያለ ነው አንዱ ደሞ ወዝወዝ ያለ፣ ወዝወዝ ያለው ወደ ራስ ቆዳው ነው የሚዞረው፣ የሚይዘው እሱ ነው። ጀርባ ላይ ወደላይ ለሚጠቀለለው፣ ፍሬንች ትዊስት ለሚሉት፣ ፒኑን መጀመሪያ ከጥቅሉ በተቃራኒ አዙሬ ጫፉን ትንሽ ፀጉር አስጨብጠዋለሁ፣ ከዛ ገልብጬ ከራስ ቆዳው ጋር አስጠግቼ ወደ ጥቅሉ ውስጥ እገፋዋለሁ፣ ሲይዝ በጣቴ ይታወቀኛል፣ ትንሽ ይጎትተኛል። ሁለተኛዋን ፒን በላዩ ላይ አቋርጬ፣ በመስቀል። እንደዚህ የተሰካ ጥቂት ፒን ዝም ብሎ ከተሰካ አንድ ፓኮ ይበልጣል፣ እና ሙሽራ ማታ ስትፈታው እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ ፒን ስትለቅም አታድርም።

ግን ወገቧ የሚደርስ ፀጉር ያላት ልጅ ስትመጣ ፒንም ብቻውን አይበቃም፣ ክብደቱ ራሱ ቁልቁል ይጎትተዋል። ፅሁፋችሁ ላይ ረጅም ፀጉር ቀላል ነው የሚመስለው፣ ከባዱ እሱ ነው። እኔ የማረገው ሁለት ቦታ እከፍለውና አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያንዳንዱን ለብቻው አስራለሁ፣ ክብደቱ ይካፈላል፣ ከዛ በፊት ደሞ ማንም የማያየው ቦታ፣ ጥቅሉ የሚያርፍበት ላይ፣ ቀጠን ያለች ሹሩባ እሰራለሁ፣ ጥብቅ አርጌ ከራስ ቆዳው ጋር፣ እና ጥቅሉን በሙሉ እሷ ላይ ነው የምሰካው። የውጭዎቹም ፀጉር ሰሪዎች ከውስጥ የተሸሸገ ጉንጉን ይሰራሉ፣ ፎቶው ላይ ስለማይታይ ነው እናንተም ያልፃፋችሁት። እኛ ሀገር ግን ይሄን እናቶቻችን ተቀምጠው በጣታቸው የሚሰሩት ነገር ነው፣ ጎጃም ውስጥ ሹሩባ የማያውቅ እጅ ፈልጋችሁ አታገኙም፣ እና ሹሩባን ለመልስ ቀን ብቻ ብለን ለቬሎው ቀን ግን እንደ ኋላ ቀር ነገር የምንደብቀው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። መደበቁንስ እሺ ይደበቅ፣ ጨርሶ መተው ግን ኪሳራ ነው።

ደሞ እኮ ቀይ ምንጣፉ ላይ ራሱ የአፍሪካ ፀጉር አለ። ተዋናይዋ ሉፒታ ኒዮንጎ እ.ኤ.አ. በ2016 ኒውዮርክ ሜት ጋላ የሚሉት የፋሽን ድግስ ላይ ፀጉሯን ረጅም አርጋ ወደላይ አቁማው ስትመጣ ቮግ መፅሔት የድሮዋን ተዋናይ የኦድሪ ሄፕበርንን መሰለ ቢል፣ እሷ የአፍሪካ ሴቶችን የድሮ አሰራርና የዘፋኟን የኒና ሲሞንን ፎቶ ለጥፋ ከየት እንዳመጣችው አሳየቻቸው። ያንን ፎቶ ደርድራችሁ ከነበሩት መሃል አላየሁትም። አዲስ አበባ የተወለደችው ተዋናይ ሩት ነጋም እ.ኤ.አ. በ2017 ለኦስካር ታጭታ ቀይ ቀሚስ ከቀይ የራስ ጌጥ ጋር አርጋ ነበር፣ የሷ እንኳን አጭር ፀጉር ነው ለዚህ ጉዳይ አይሆንም፣ ግን ጌጡን ያየ ሰው የኛን የብር ጌጥ ወደላይ ለተያዘ ፀጉር ማሰብ አያቅተውም።

አሁን የሚያናድደኝን ልበል። ከሰርግ በፊት ባለው ሳምንት ረጅም የተፈጥሮ ፀጉር ያላትን ልጅ ሪላክሰር፣ ማለስለሻውን ኬሚካል፣ ቀብተው የሚልኩ አሉ፣ "ለመያዝ እንዲመች" ብለው። አይመችም! ሪላክሰር የሚበጥሰው ያንን በውሃ ሄዶ የሚመለሰውን ቦንድ አይደለም፣ ዋናውን ነው፣ ተመልሶ አይመጣም፣ ፀጉሩ ይሳሳል፣ ከዛ እኔ ጋ መጥታ ወደ ስሩ ስገፋው እጄ ላይ ይበጠሳል። በዛ ላይ ወገቧ የሚደርስ ፀጉር ላላት ልጅ ሂውማን ሄር፣ የሚቀጠለውን የሰው ፀጉር፣ ካልጨመርሽ ሞልቶ አይታይም ብለው ያስከፍሏታል፣ ምን ሊሞላ? ጥቅሉ ውስጥ የራሷ ፀጉር ተርፎ የት እንደማገባው ጠፍቶኝ እያለ።

እናቶች ደግሞ ቅቤውን ይዘው ይመጣሉ። አንዷ የሙሽራ እናት ሰርጉ ሊደርስ ሲል "ልጄን ቅቤ ሳልቀባ አልድራትም" ብለው ቁጭ አሉ፣ እኔም "እትዬ፣ ቅቤውን ማን ይቅር አለ፣ ይቀባ፣ ግን ሀሙስ ታጥቦ ይልቀቅ" አልኳቸው፣ "ሀሙስማ ገና መቼ ገባና ሊወጣ" አሉኝ፣ ተከራከርን፣ በመጨረሻ እሮብ ተቀብቶ አርብ ጠዋት በሙቅ ውሃ ታጠበ፣ ቅዳሜ ማታ ደግሞ በድጋሚ። ፀጉሯም እውነቴን ነው ያማረ ነበር፣ እትዬ ልክ ነበሩ።

ሌላው ግንባር ላይ አጥብቆ መጎተት ነው። ፎቶው ላይ ፊቷ ሁሉ የተወጠረ ስለሚመስል ሙሽራዋ "አጥብቂው፣ አጥብቂው" ትላለች። ራሷን ካመማት ወይ የግንባሯ ዳር ላይ ትናንሽ እብጠት ከወጣ ከመጠን በላይ ጠብቋል ማለት ነው፣ መፈታት አለበት፣ ሁልጊዜ እንደዛ ከተጎተተ ዳር ዳሩ እየሳሳ ሄዶ ጨርሶ ላይመለስ ይችላል። የፊቱን ዘና አርጎ የውስጡን ማጥበቅ ነው፣ ለዛ ነው ያቺ ውስጥ ያለችው ሹሩባ የምትጠቅመው፣ ጉልበቱን እሷ ትሸከማለች ግንባሩ ያርፋል።

እኔ ሙሽራ ከወንበሬ ሳትነሳ የማረጋት ፈተና አለች። እስክስታ ምቺ እላታለሁ። መጀመሪያ ትስቃለች፣ ሚዜዎቿ ያጨበጭባሉ፣ ከዛ ትከሻዋን እየሰበረች ስትመታ እኔ ከኋላ ቆሜ ጥቅሉን ነው የማየው፣ ከተነቃነቀ እዛው እከፍተዋለሁ። ቀጥላ ደግሞ የሽማግሌ ጉልበት እንደምትስም ጎንበስ በይ፣ ቀና በይ። በስፕሬይ ብቻ የቆመ ፀጉር እዚች ላይ ይጋለጣል።

ለጋዜጣችሁ የምለው እንግዲህ፣ እንደዚህ አይነት ፅሁፍ አታውጡ አይደለም፣ አውጡ፣ ግን እዚሁ ከተማ ያሉትን ሹሩባ ሰሪዎች አነጋግሩ፣ ከኢንተርኔት ከሚቀዳው የተሻለ የሚነግሯችሁ አላቸው፣ ዩኒቨርስቲውም የጨርቃጨርቅና ፋሽን ተቋም አለው፣ እዛ ያሉ ልጆች ቀሚሱን ሲሰሩ ፀጉሩንም አስበው ከኛ ጋር ቢሰሩ ጥሩ ገፅ ይወጣችኋል። እና አንድ ነገር፣ የደረደራችኋቸው ፎቶዎች በሙሉ ከፊት የተነሱ ናቸው። ወደላይ የተያዘ ፀጉር ስራው ያለው ጀርባ ላይ ነው፣ ሙሽራዋ ፊቷን ይዛ ትመጣና እኔ ጀርባውን ከራሴ ፈጥሬ ነው የምሰራው። በሚቀጥለው ስታወጡ የኋላውንም አሳዩን።

ከሰላምታ ጋር
አንዲት ፀጉር ሰሪ፣ ከባህር ዳር